የቦቱሊዝም ሥጋት ያለበት ዓሣ ከገበያ ሲሰበሰብ የሚወጣው ማስታወቂያ ምን ያህል ይጠቅማል? አንድ ግምገማ

አንድ ምግብ ከገበያ ሲሰበሰብ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤቶች የሚያወጡት ማስታወቂያ ለማንም ክፍት የሆነ ነፃ አገልግሎት ነው፤ ነፃ በመሆኑ ግን ስለ ጥራቱ የሚጠይቅ ሰው ብዙም አይገኝም። ስለ ስልክና ስለ ሆቴል በየቀኑ አስተያየት ይጻፋል፤ ሰው ሊያድን ስለሚችል የአንድ ገጽ ጽሑፍ ግን ዝም ይባላል። በዚህ ግምገማ የምመለከተው የአገልግሎቱን አንድ ክፍል ብቻ ነው፤ ይኸውም የታሸገ፣ የደረቀ፣ በጨው ወይም በጭስ የተዘጋጀ ዓሣ የቦቱሊዝም፣ ማለትም ጡንቻን ሽባ የሚያደርግ ከባድ የምግብ መመረዝ ሥጋት ስላለበት ከገበያ ሲሰበሰብ የሚወጣውን ማስታወቂያ። በዋናነት የማየው ኤፍዲኤ በሚል አጭር ስሙ የሚታወቀው የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር በድረ ገጹ የሚያትማቸውን ሲሆን፣ የካናዳንና የአውሮፓን አሠራር ለማነጻጸሪያ እጠቅሳለሁ። መመዘኛዬ አንድ ነው፦ ዓሣውን ገዝቶ ቤቱ ያስቀመጠ፣ ወይም ትናንት ማታ የበላ ሰው ማስታወቂያውን አንብቦ ሲጨርስ ምን ማድረግ እንዳለበት ያውቃል ወይ?

መመዘኛው ጥብቅ መሆን ያለበት በበሽታው ጠባይ ምክንያት ነው። ቦቱሊዝምን የሚያመጣው ክሎስትሪዲየም ቦቱሊነም የተባለው ባክቴሪያ በአፈር እንዲሁም በባሕርና በሐይቅ ደለል ውስጥ ስፖር በሚባል፣ ጠንካራ ሽፋን ባለው የእንቅልፍ መልኩ ይኖራል። ስፖሩን መዋጥ ጤናማ ለሆነ አዋቂ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ጉዳት የለውም። ጉዳቱ የሚጀምረው ስፖሩ አየር በሌለበት፣ ጨውና አሲድ ባነሰበት፣ እርጥበትም በበቃበት ቦታ ነቅቶ ሲራባ ነው፤ ያን ጊዜ በዓለም ላይ ከሚታወቁት መርዞች ሁሉ እጅግ ኃይለኛ ከሚባሉት አንዱን ያመነጫል። ዓሣን ለማቆየት የሚያገለግሉት ዘዴዎች ደግሞ በትክክል ካልተሠሩ ይህንኑ ምቹ ቦታ ራሳቸው ያዘጋጁለታል፤ ቆርቆሮው አየር አያስገባም፣ ፕላስቲኩ አየሩ ተመጥጦ ይዘጋል፣ ዘይቱም ዓሣውን ከአየር ይለየዋል። ከዓሣ ጋር በተለይ የሚያያዘው «ኢ» የተባለው ዓይነት ሁለት ክፉ ጠባይ አለው። አንደኛው፣ እስከ 3.3 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚወርድ ቅዝቃዜ ማደግ ስለሚችል የተለመደው የቤት ፍሪጅ ብቻውን አያቆመውም። ሁለተኛው፣ ፕሮቲንን አፍርሶ የሚያከረፋ ዓይነት ባለመሆኑ ዓሣው ሳይሸት፣ መልኩም ሳይለወጥ መርዝ ሊይዝ ይችላል። የተበላሸ ሥጋ ወይም ወተት ሲያጋጥም የሚጠብቀን አፍንጫችን እዚህ ላይ አያገለግልም፤ በእሱ ፈንታ የቆመው ማስታወቂያው ነው።

ከእነዚህ ማስታወቂያዎች መካከል ደጋግሞ የሚታየው ከኒውዮርክ የሚነሣው ዓይነት ነው። የኒውዮርክ ግዛት የግብርናና የገበያዎች መምሪያ ተቆጣጣሪዎች ወደ መደብር ገብተው ናሙና ይወስዳሉ፤ የመምሪያው ላቦራቶሪ ዓሣው ሆድ ዕቃው ሳይወጣ የተዘጋጀ መሆኑን ያረጋግጣል፤ አስመጪው ወይም አከፋፋዩ ድርጅት ምርቱን ይሰበስባል፤ ኤፍዲኤ ደግሞ የድርጅቱን መግለጫ በድረ ገጹ ያትመዋል። ዓሣው ብዙውን ጊዜ ሙሉውን የደረቀ፣ ጨው የገባበት ወይም በጭስ የተዘጋጀ ነው። ጽሑፉ አጭርና ደረቅ ነው፤ ከአንዱ ዓመት ወደ ሌላው ዓረፍተ ነገሮቹ እንኳ እምብዛም አይለወጡም። የምርቱን ስም፣ የማሸጊያውን ዓይነትና መለያ ቁጥሩን፣ የተሰራጨበትን አካባቢ ይናገራል፤ ቀጥሎም የዚህ ዓይነት ዓሣ መሸጥ የተከለከለው የባክቴሪያው ስፖሮች ከሌላው የዓሣው ክፍል ይልቅ በሆድ ዕቃው ውስጥ ተከማችተው የመገኘት ዕድላቸው ከፍ ያለ በመሆኑ እንደሆነ ያስረዳል።

ይህ የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር በእኔ ግምት የማስታወቂያው ዋና ዋጋ ነው። ብዙዎቹ የምግብ ማስታወቂያዎች «ይህንን ቁጥር የያዘውን ምርት አትብሉ» ብለው ያበቃሉ፤ አንባቢውም ቁጥሩን አመሳክሮ፣ የእሱ አለመሆኑን አይቶ ይዘጋዋል። ምክንያቱን የተረዳ አንባቢ ግን በማስታወቂያው ላይ ስሙ ያልተጠቀሰውን ዓሣ ጭምር መመርመር ይችላል፤ የዓሣውን ሆድ አይቶ ተሰንጥቆ መጽዳቱን ወይም ድፍን መሆኑን ለመለየት ላቦራቶሪ አያስፈልገውም። ሆዱ ባልተከፈተ ዓሣ ውስጥ ጨው ወደ መሐል ዘልቆ የሚገባው ቀስ ብሎ ነው፤ ጨው እስኪደርስ ድረስ አንጀቱ አካባቢ ያለው ቦታ እርጥብ፣ አየር የሌለበትና የስፖር መጠራቀሚያ ሆኖ ይቆያል። የኤፍዲኤ መመሪያም በዚሁ ምክንያት ከ5 ኢንች፣ ማለትም ከ13 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሚበልጥ ዓሣ ሆድ ዕቃው ሳይወጣ በጨው፣ በማድረቅ ወይም በጭስ ተዘጋጅቶ እንዲሸጥ አይፈቅድም። ከዚያ ያነሱትም ቢሆኑ የሚፈቀዱት በዓሣው እርጥበት ውስጥ ያለው ጨው ቢያንስ 10 በመቶ ሲሆን፣ ወይም ባክቴሪያው ሊጠቀምበት የሚችለው ውሃ በበቂ ሁኔታ ሲቀንስ፣ ወይም የአሲድነቱ ልክ ፒኤች 4.6 እና ከዚያ በታች ሲሆን ነው። እነዚህ ቁጥሮች በማስታወቂያው ላይ የሉም፤ ለሸማችም የግድ አያስፈልጉም። ምክንያቱ ግን አለ፤ ለዚህ ከፍ ያለ ነጥብ እሰጠዋለሁ።

ማስታወቂያው ጨርሶ የማያነሣው፣ ቢያነሣው ግን አንባቢውን ከቸልተኝነት የሚያወጣው ነገር ደንቡ በምን ዋጋ እንደመጣ ነው። ካፕቹንካ የሚባለው ሆድ ዕቃው ያልወጣ፣ ጨው የገባበትና የደረቀ ዓሣ እ.ኤ.አ. በ1985 ኒውዮርክ ውስጥ ሁለት ሰዎችን ገድሏል። በ1987 ደግሞ ከዚያው ከኒውዮርክ የተገዛ ተመሳሳይ ዓሣ ሁለት ሰዎችን በከተማዋ፣ ስድስት ሰዎችን ደግሞ በእስራኤል ለሕመም ዳረገ፤ በእስራኤል ከታመሙት አንዱ ሞቷል። ወደ እስራኤል የተሻገረው ዓሣ በመንገደኛ እጅ የተወሰደ ነበር፤ ከመደብር ወጥቶ በሻንጣ የሚሄድን ምግብ ደግሞ የትኛውም የአከፋፋይ መዝገብ አይከተለውም። ከሁሉ የከፋው የደረሰው በግብፅ ነው። በኤፕሪል 1991 ካይሮ ውስጥ ፈሲኽ የተባለውን፣ ሆድ ዕቃው ሳይወጣ በጨው የሚዘጋጀውን የሙሌት ዓሣ በልተው 91 ሰዎች ሆስፒታል ገብተዋል፤ 18ቱ ሞተዋል። በሦስቱም አጋጣሚዎች የዓሣው አዘገጃጀት በመሠረቱ አንድ ነበር። ተቆጣጣሪዎች ዛሬ አንድም የታመመ ሰው ሳይኖር፣ የዓሣው ሆድ አለመከፈቱን ብቻ አይተው ምርቱን የሚያሰበስቡት ይህን ስለሚያውቁ ነው፤ «መርዝ ሳይገኝበት ለምን ይሰበሰባል?» ብሎ ለሚያጉረመርም ነጋዴም ሆነ ሸማች ከዚህ የተሻለ መልስ የለም።

ሁለተኛው ዓይነት ማስታወቂያ ትልልቅ አምራቾች በራሳቸው ቋንቋ የሚያወጡት ነው። ጥሩ ምሳሌ የሚሆነው ትራይ ዩኒየን ሲፉድስ የተባለው ኩባንያ በፌብሩዋሪ 2025 ያወጣው ማስታወቂያ ነው። ጀኖቫ፣ ቫን ካምፕስ፣ ኤችኢቢና ትሬደር ጆስ በሚሉ ስሞች የተሸጡ አንዳንድ የቱና ቆርቆሮዎች በቀለበት ተስቦ የሚከፈተው ክዳናቸው የአሠራር ጉድለት ስላለበት፣ እሽጉ ከጊዜ ብዛት ሊላላ፣ ቆርቆሮውም ሊያፈስ ወይም ይባስ ብሎ በክሎስትሪዲየም ቦቱሊነም ሊበከል ይችላል ተባለ። ይህ ማስታወቂያ በአንዳንድ ነገሮች ከኒውዮርኩ ይበልጣል። የእያንዳንዱ ምርት መለያ ኮድና የአገልግሎት ማብቂያ ቀን ተዘርዝሯል፤ የትኞቹ መደብሮች በየትኞቹ ግዛቶች እንደሸጡት ተጠቅሷል፤ ገዢው ዕቃውን መልሶ ገንዘቡን መቀበል፣ መጣል፣ ወይም ኩባንያውን አነጋግሮ ምትክ ማግኘት እንደሚችል ተነግሮታል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ምርቱ የተበላሸ ባይመስልም፣ ባይሸትም እንኳ እንዳይበሉት በግልጽ አስጠንቅቋል። ይህቺ አንዲት ማስጠንቀቂያ በእያንዳንዱ የዓሣ ማስታወቂያ ላይ፣ ከርዕሱ ቀጥሎ መግባት ነበረባት ብዬ አምናለሁ።

የቆርቆሮ ጉዳይ ከደረቀ ዓሣ ጉዳይ በአንድ ነገር ይለያል። ቆርቆሮ በትክክል ሲበስል በ121 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለ3 ደቂቃ ያህል የሚቆይ ሙቀት እስከ መሐሉ እንዲደርሰው ተደርጎ ስለሚሠራ ስፖሮቹ ይሞታሉ። ስለዚህ በፋብሪካ ቆርቆሮ ላይ አንዱ ትልቅ ሥጋት ከማብሰያው ከወጣ በኋላ የሚደርስበት ቀዳዳ ወይም የላላ ክዳን ነው። በ1978 በእንግሊዝ በርሚንግሃም አራት አረጋውያን ከአላስካ የመጣ አንድ የሳልሞን ቆርቆሮ ከፍተው በሉ፤ አራቱም ታመሙ፣ ሁለቱ ሞቱ፤ ቆርቆሮው ላይ ትንሽ ቀዳዳ ነበረበት። በ1982 ቤልጅየም ውስጥ አንድ ሰው እንደዚሁ በአላስካ የሳልሞን ቆርቆሮ ሲሞት በአስር ሚሊዮኖች የሚቆጠሩ ቆርቆሮዎች እስከ መሰብሰብ ተደረሰ። በዓይን ለማየት የምታስቸግር ቀዳዳ ይህን ያህል የምታስከትል ከሆነ፣ «ክዳኑ ጉድለት አለበት» የሚለው የኩባንያው ቃል እንደ ቀላል የማሸጊያ ችግር መነበብ የለበትም። የኩባንያው ጽሑፍ ግን ምርቱ የተሰበሰበው ከጥንቃቄ ብዛት እንደሆነ ገና በመግቢያው ላይ ይናገራል፤ ይህ የማስታወቂያ ክፍል ሠራተኞች የሚወዱት አነጋገር አንባቢው ወደ ኮዶቹ ዝርዝር ከመድረሱ በፊት ልቡን ያሳርፈዋል። ማስታወቂያ የአምራቹን ጠንቃቃነት የሚመሰክር ሳይሆን የገዢውን ጥንቃቄ የሚቀሰቅስ መሆን አለበት።

በሁለቱም ዓይነቶች ላይ «እስካሁን የታመመ ሰው ሪፖርት አልተደረገም» የሚል ዓረፍተ ነገር አይጠፋም። እውነት ነው፤ መነገሩም ተገቢ ነው። የተቀመጠበት ሁኔታ ግን አያስደስተኝም። የቦቱሊዝም ምልክት ብዙውን ጊዜ ከተበላ ከ12 እስከ 36 ሰዓት ባለው ጊዜ ይጀምራል፤ ይሁን እንጂ በ4 ሰዓት ሊጀምር፣ እስከ 8 ቀን ሊዘገይም ይችላል። የታመመው ሰው ሐኪም ቤት እስኪደርስ፣ ሐኪሙ በሽታውን እስኪጠረጥር፣ ናሙናው ተመርምሮ ውጤቱ ከአንድ ምርት ጋር እስኪያያዝ ተጨማሪ ቀናት ይሄዳሉ። ቆርቆሮ ደግሞ በጓዳ ውስጥ ለዓመታት ሊቀመጥ የሚችል ዕቃ ነው። ስለዚህ የታመመ ሰው አለመታወቁ ስለ ማስታወቂያው ዕለት እንጂ ስለ ገዢው ቆርቆሮ የሚናገረው ነገር የለም፤ ይህንን የሚያብራራ ግማሽ መስመር ቢጨመርበት አንባቢው ከሚገባው በላይ አይጽናናም ነበር።

የአገልግሎቱ ትልቁ ጉድለት ግን ዓሣውን አስቀድሞ ለበላ ሰው የሚሰጠው ምክር ነው። የኒውዮርኩ ማስታወቂያ ምልክቶቹን ይዘረዝራል፦ የዓይን መደብዘዝ ወይም አንዱን ነገር ሁለት አድርጎ ማየት፣ አጠቃላይ ድካም፣ ለመዋጥ መቸገር፣ የመተንፈሻ ጡንቻዎች ሽባ መሆን። ዝርዝሩ ጥሩ ነው፤ በስንት ሰዓት ወይም በስንት ቀን ውስጥ እንደሚጠበቁ ግን አይናገርም። ከሁለት ቀን በፊት የበላው ሰው አደጋው አልፎኛል ብሎ ይተኛ ወይስ ሰውነቱን ይከታተል? የኩባንያዎቹ ደግሞ ሕመም የተሰማው ሰው በአስቸኳይ ሕክምና እንዲያገኝ ከመምከር ብዙም አያልፉም። ቦቱሊዝም እንደ ሌላው የምግብ መመረዝ በትውከትና በተቅማጥ ብቻ ቢታወቅ ኖሮ ይህ ይበቃ ነበር። ይህ በሽታ ግን ብዙ ጊዜ ትኩሳት የለውም፤ የታማሚው አእምሮ ንቁ ነው፤ የሚጀምረው ከዓይን፣ ከፊትና ከጉሮሮ ነው፤ የዓይን ቆብ ይወድቃል፣ አፍ ይደርቃል፣ ንግግር ይኮላተፋል፤ ከዚያ ድካሙ ወደ ክንድ፣ ወደ ደረትና ወደ እግር ይወርዳል። ዓይኑ የደበዘዘበት ሰው ከትናንት በስቲያ የበላውን ዓሣ አያስብም፤ መነጽሩን ወይም የእንቅልፍ እጦቱን ነው የሚወቅሰው።

ሐኪሙም ቢሆን በሽታውን በሥራ ዘመኑ አንድ ጊዜ እንኳ ላያየው ይችላል፤ ከስትሮክ ወይም ጡንቻን ከሚያደክሙ የነርቭ ሕመሞች ጋር ሊያምታታውም ይችላል። ለዚህ ነው «ሐኪም ያማክሩ» የሚለው ምክር «ማስታወቂያውን ይዘው ይሂዱ፤ የበሉትን ዓሣና የበሉበትን ቀን ይንገሩ» በሚል ካልታጀበ ጎደሎ የሚሆነው። ለበሽታው የሚሰጠው ፀረ መርዝ መድኃኒት በደም ውስጥ እየተዘዋወረ ያለውን መርዝ ያስቆማል፤ ነርቭ ላይ አስቀድሞ የተጣበቀውን ግን አያስለቅቅም። መድኃኒቱ ከመሰጠቱ በፊት ሽባ የሆነ ጡንቻ ሥራውን የሚጀምረው ነርቩ ራሱን ሲያድስ ነው፤ እስከዚያው ታማሚው ለሳምንታት አንዳንዴም ለወራት በመተንፈሻ መሣሪያ ሊረዳ ይችላል። የዓለም የጤና ድርጅት በሽታው ከሚይዛቸው ሰዎች ከ5 እስከ 10 በመቶ የሚሆኑት እንደሚሞቱ ይገልጻል። እንግዲህ ጥቂት ሰዓታት ይህን ያህል ልዩነት በሚያመጡበት በሽታ ላይ የጊዜውን ነገር ያልነገረ ማስታወቂያ ዋናውን ነገር ትቷል ብል አላጋነንኩም።

በሴፕቴምበር 2023 በፈረንሳይ ቦርዶ ከተማ የደረሰው ነገር የጊዜውን ጉዳይ በደንብ ያሳያል። አንድ የመጠጥና የምግብ ቤት ራሱ በብርጭቆ ማሰሮ ያሸገውን የሰርዲን ዓሣ ለደንበኞቹ አቀረበ። ከተማዋ በራግቢ የዓለም ዋንጫ ምክንያት በእንግዶች ተሞልታ ስለነበር ከበሉት ብዙዎቹ የውጭ ሀገር ሰዎች ነበሩ፤ አንዳንዶቹ ምልክቱ የታየባቸው ወደየሀገራቸው ከተመለሱ በኋላ ነው። ከአስር በላይ ሰዎች ታመሙ፤ አንዲት ሴት ሞተች። ይህ በፋብሪካ የተመረተ ዕቃ ስላልነበረ የሚሰበሰብ ቆርቆሮም ሆነ የሚመሳከር ኮድ አልነበረውም፤ ማስጠንቀቂያው ማዳን የሚችለው ቀድሞ የበሉትን ሰዎች ብቻ ነበር። የጤና ባለሥልጣናት የበሉበትን ቀንና የምግቡን ዓይነት ጠቅሰው ለየሀገሩ ማሳወቃቸው በሌላ አገር ያለ ሐኪም በፊቱ የተቀመጠውን ታማሚ በትክክል እንዲያይ የሚረዳው ለዚህ ነው። የተራ ምርት ማስታወቂያም ከዚህ አሠራር ብዙ መማር ይችላል።

ቤት ውስጥ የተገኘውን ዓሣ ምን እናድርገው ለሚለው ጥያቄ የኒውዮርኩ ማስታወቂያ የሚሰጠው መልስ ወደ ገዙበት መልሰው ገንዘብዎን ይውሰዱ የሚል ነው። ለደረቀና ላልተከፈተ ዓሣ ይህ ይሠራል። ያበጠ ወይም የሚያፈስ ቆርቆሮ ከሆነ ግን ተሸክሞ ወደ መደብር መሄድ ጥሩ ሐሳብ አይመስለኝም፤ ሳይከፍቱ በፕላስቲክ ከረጢት አጥብቆ አስሮ፣ ሰውም እንስሳም በማያገኘው ሁኔታ መጣል ይሻላል። ከፈሰሰ በአንድ እጅ በረኪና ላይ ስምንት እጅ ውሃ ቀላቅሎ የነካውን ቦታ ማራስና ቢያንስ ለ15 ደቂቃ ማቆየት፣ ከዚያም ጠርጎ እጅን በሳሙና መታጠብ ያስፈልጋል። መቅመስ ፈጽሞ አይገባም፤ ትንሽ ቅምሻ እንኳ ለሞት ሊያበቃ ይችላል። መርዙ ከ85 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ በሆነ ሙቀት 5 ደቂቃና ከዚያ በላይ ሲቆይ እንደሚጠፋ ስለሚታወቅ «ቀቅለን እንበላዋለን» የሚል ሰው አይጠፋም። ነገር ግን ሙቀቱ በዓሣው ሁሉ ክፍል እኩል መድረሱን በቤት ምጣድ ማረጋገጥ አይቻልም፤ የደረቀና በጭስ የተዘጋጀ ዓሣ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ሳይበስል ነው የሚበላው። ይህ ሁሉ በአራት ወይም በአምስት መስመር ሊጻፍ የሚችል ነገር ሆኖ ሳለ በአብዛኞቹ ማስታወቂያዎች ላይ አለመኖሩ ያሳዝናል።

ስለ አቀራረቡ ጥቂት ልበል። ኤፍዲኤ ከገበያ የሚሰበሰቡ ምርቶች የሚያስከትሉትን አደጋ በሦስት ደረጃ ይከፍላል፤ አንደኛው ደረጃ ከባድ የጤና ጉዳት ወይም ሞት ሊያስከትል የሚችለው ነው። ችግሩ ደረጃው ብዙ ጊዜ የሚወሰነው የድርጅቱ መግለጫ ከወጣ በኋላ መሆኑ ነው፤ መግለጫውን በመጀመሪያው ቀን ያነበበ ሰው ደረጃውን አያየውም፤ በሳምንታዊው ሪፖርት ላይ ሲወጣ ደግሞ ብዙ ሰው ተመልሶ አይፈልገውም። መግለጫውን የሚጽፈው ተቆጣጣሪው ሳይሆን ድርጅቱ መሆኑም በጽሑፎቹ መካከል ለሚታየው የጥራት ልዩነት አንዱ ምክንያት ነው። የቋንቋውም ጉዳይ አለ። ሙሉውን የደረቀ ዓሣ ከውጭ አስመጥተው የሚሸጡት መደብሮች ደንበኞች በአብዛኛው ስደተኞች ናቸው፤ የዓሣው መለያ ጽሑፍ በአገራቸው ፊደል ሲሆን ማስታወቂያው ግን በእንግሊዝኛ ይወጣል። የማሸጊያው ፎቶ ከጽሑፉ ጋር መታተሙ ይህንን ክፍተት በከፊል ይሞላዋል፤ ፎቶ የሌለበትን ማስታወቂያ ስለዚህ ዝቅ አድርጌ ነው የምመዝነው።

በዚህ ረገድ የካናዳ የምግብ ቁጥጥር ኤጀንሲ አቀራረብ የተሻለ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ደረጃው በማስታወቂያው አናት ላይ ይታያል፤ አደጋው ክሎስትሪዲየም ቦቱሊነም መሆኑ ለብቻው ተጽፏል፤ በእንግሊዝኛና በፈረንሳይኛ ይወጣል። ምግቡ የተበላሸ ሳይመስል ሊያሳምም እንደሚችል በግልጽ ይነገራል፤ የምልክቶቹ ዝርዝርም የፊት ጡንቻ መልፈስፈስን፣ የዓይን ቆብ መውደቅንና የድምፅ መለወጥን ሳይቀር ይይዛል። ምርቱን አለመብላት ብቻ ሳይሆን አለማቅረብ፣ አለመሸጥና ለሌላ አለመስጠት እንደሚገባም ያክላል፤ ዓሣ በስጦታ ከእጅ ወደ እጅ ስለሚተላለፍ ይህ ጠቃሚ ነው። የአውሮፓ ኅብረት ራስፍ የተባለው የፈጣን ማስጠንቀቂያ መረብ ከ1979 ጀምሮ የሚሠራ፣ በሀገራት መካከል መረጃ በፍጥነት የሚያሻግር ጠንካራ ሥርዓት ነው፤ ነገር ግን የተሠራው ለባለሥልጣናት ስለሆነ ለሕዝብ የሚታየው ክፍሉ ለሸማች ብዙም አይረዳም። በዚያ ያለ ሰው የየሀገሩን ገጽ ቢከታተል ይሻለዋል፤ ለምሳሌ ፈረንሳይ በ2021 የከፈተችው ራፔል ኮንሶ የተባለው ገጽ ከገበያ የሚሰበሰቡ ምርቶችን ከነፎቷቸው በአንድ ቦታ ያወጣል።

ስለዚህ አገልግሎቱን ልጠቀምበት ወይ ለሚለኝ መልሴ አዎ ነው፤ በኢሜይል መመዝገብ ነፃ ነው፤ የዓሣ ማስታወቂያም በየቀኑ የሚመጣ ነገር አይደለም። የካናዳውን በአንደኛ፣ የኒውዮርኩን ምክንያቱን ስለሚያስረዳ በሁለተኛ፣ የኩባንያዎቹን በኮድ ዝርዝራቸው ምሉዕነት ብቻ በሦስተኛ አስቀምጣለሁ። ማስታወቂያው የሚያገለግለው ግን ማሸጊያው በእጁ ላለ ሰው ነው። የደረቀ ዓሣ ገዝቶ ወደ ሌላ ዕቃ የሚገለብጥ፣ ወይም ቆርቆሮዎቹን ከካርቶናቸው አውጥቶ የሚደረድር ሰው ቢያንስ ኮዱና ቀኑ ያለበትን ክፍል ቆርጦ ከዓሣው ጋር ማስቀመጥ ወይም በስልኩ ፎቶ ማንሣት አለበት። መለያው ከጠፋና ተመሳሳይ ምርት መሰብሰቡ ከተሰማ፣ እጁ ላይ ያለውን ዓሣ ከሚሰበሰቡት መካከል ቆጥሮ መጣል ነው ያለበት።